ቃሉን ከመጣላችን በፊት፦ ስለ «ሪፎርም» ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ባሕር ዳር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔ ዘንድ በሦስት ሰዎች በኩል ደረሰኝ። መጀመሪያ የሥራ ባልደረባዬ፣ ቀጥሎ የእህቴ ልጅ፣ ከዚያም ጊዮርጊስ አካባቢ ቡና የምጠጣበት ቤት ባለቤት ላኩልኝ። ሦስቱም «እውነቱን ነው፤ አይደል?» ነው ያሉኝ። ጽሑፉ «ሪፎርም» የሚለውን ቃል እርግፍ አድርገን እንተወው የሚል ነው። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። አማርኛቸው ያማረ ነው፤ ቁጭታቸውም ከልብ የመነጨ ነው። መልስ ይገባቸዋል ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ሥራዬ አራሚነት ነው። ሌሎች የጻፉትን መጽሐፍ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የመመሪያ ረቂቅ እያነበብኩ ያለ ቦታው የገባውን ቃል አወጣለሁ። ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ የቆየ ሰው፣ አምስት ቃላት አንድ ናቸው ሲባል ሰምቶ ማለፍ ይከብደዋል።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ሪፎርም ባዕድ ቃል ነው፤ አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል የለውም፤ ቃሉ ከሌለን ሐሳቡም የእኛ አይደለም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ለውጥ፣ ማሻሻያ፣ ተሃድሶ፣ ጥገና፣ ሪፎርም የሚባሉት ሁሉ አንድ ነገር ናቸው፤ የሚለያዩት ባለሥልጣን በተቀየረ ቁጥር በሚመጣው ፋሽን ብቻ ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ በታሪካችን ሪፎርም ሁልጊዜ የገዥዎች ዕድሜ ማራዘሚያ ነበር፤ ለሕዝብ የጠቀመው ሥር ነቀል ለውጥ ብቻ ነው ይሉና 1966ን እና የ1967ቱን የመሬት አዋጅ ይጠቅሳሉ። አራተኛ፣ የጣናን እምቦጭ ምሳሌ አድርገው፣ ከላይ ያጨዱት አረም ተመልሶ ይበቅላል፤ መድኃኒቱ ከሥሩ መንቀል ነው ይላሉ። ከዚህ ሁሉ ተነሥተው በአምስተኛ ደረጃ፣ ቃሉ ከዜናም ከመማሪያ መጽሐፍም ይውጣ ብለው ይደመድማሉ።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ልክ የሆኑበትን ልመስክር። ቃሉ ተጎሳቁሏል። አንድ ጊዜ ጉዳይ ላስፈጽም የሄድኩበት መሥሪያ ቤት በር ላይ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ አጠናቀናል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ውስጥ ስገባ የተለወጠው የጠረጴዛው አቀማመጥና የመስኮቶቹ ቁጥር ነበር። መስኮት ሦስት ወደ መስኮት ሰባት ላከኝ፤ መስኮት ሰባት «ፋይሉ መዝገብ ቤት ነው» አለኝ፤ መዝገብ ቤቱ ያው የድሮው መዝገብ ቤት፣ መዝገቡም ያው የድሮው መዝገብ ነው። በሌላ ዓመት ስመለስ ወረቀቱ ተነሥቶ በምትኩ የውጤት ተኮር ሥርዓት፣ ቀጥሎም ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የአሠራር ዘዴ የሚሉ ተለጥፈዋል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ደጋግሞ ያየ ሰው በቃሉ ቢመረር አይፈረድበትም። ጸሐፊው የታመመውን ቦታ በትክክል አግኝተውታል፤ የምለያቸው በመድኃኒቱ ነው።

ባዕድነቱን በሚመለከት ብዙ አልቆይም። ሪፎርም ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ለአንድ ነገር እንደገና ቅርጽ መስጠት ነው። እንግሊዞችም ከፈረንሳይ ተውሰው ነው የሚጠቀሙበት። በጸሐፊው ሚዛን ከሄድን እንግሊዞችም ሐሳቡ የላቸውም ማለት ነው። እኛስ? «ሃይማኖት» ከአራማይክ፣ «ወንጌል» ከግሪክ የገቡ ቃላት ናቸው። በጣና ደሴቶች ገዳማት ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ሲነበብ በኖረው ነገር ላይ «ቃሉ የተውሶ ስለሆነ እምነቱ የእናንተ አይደለም» የሚል ሰው ቢመጣ ጸሐፊው ራሳቸው የሚቀበሉት አይመስለኝም። «ጋዜጣ» የጣልያን ቃል ነው። ቃል ይሰደዳል፤ የገባበት አገር የራሱን ሥራ ያሠራዋል።

አማርኛ ቃል የለውም የሚለው ደግሞ ከሥሩ አይይዝም። ችግራችን የተገላቢጦሽ ነው፤ ቃሉ በዝቶብናል። ከሁሉም የምወደውን፣ የሥራዬንም ስም ልጥቀስ፦ ማረም። ቃሉ የመጣው ከእርሻ ነው። ጎጃም ውስጥ በክረምት ጤፍ የሚያርም ገበሬ ማሳውን አያጠፋም፤ ጎንበስ ብሎ፣ ቡቃያውን ከአረሙ በዓይኑ ለይቶ፣ የማይፈለገውን ብቻ ያወጣል። ከዚያ ቃሉ ወደ ብራና ቤት ገባና የጸሐፊን ስህተት ማውጣት «እርማት» ተባለ። ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ዘለቀ። ድሮ «ወህኒ ቤት» እንል የነበረው፣ የጎንደር ነገሥታት የዙፋን ተወላጆችን ያስሩበት ከነበረው ከወህኒ አምባ የመጣው ስም፣ ዛሬ «ማረሚያ ቤት» ተብሏል። ፈረንጆቹም ጥፋተኛን ወደ ደህና ሰውነት መመለስን በዚያው በሪፎርም ቃል ይጠሩታል። ሁለት ቋንቋ ሳይመካከር አንድ ቦታ መድረሱ ሐሳቡ የሰው ልጅ ሁሉ መሆኑን ያሳያል። ሐሳቡ ከጤፍ ማሳችን ላይ አለ፤ ማንም ከውጭ አላመጣልንም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ። ጸሐፊውም ብዙ የደከሙበት፣ እኔም ዋና ልዩነታችን ነው የምለው ይህ ነው። ቃላቱ አንድ ናቸው ወይ?

እኛ አራሚዎች ሁለት ቃል አንድ መሆኑን የምንፈትነው በመተካካት ነው። አንዱን አውጥተን ሌላውን እናስገባለን፤ ዓረፍተ ነገሩ ከቆመ ቅርብ ናቸው፤ ከወደቀ አይደሉም። «ለውጥ»ን እንውሰድ። ገበሬ እህል በጨው ይለውጣል፤ የሰጠው ሄደ፣ ያልነበረው መጣ። ለውጥ አቅጣጫ የለውም። የአየር ለውጥ አለ፤ የመልክ ለውጥ አለ፤ ወደ ክፉም ይለወጣል። «ማሻሻያ» ግን «ተሻለ» ከሚለው የወጣ ነው። በሽተኛ ሲጠየቅ «ተሽሎኛል» የሚለው ቃል ነው። ስለዚህ ማሻሻያ ያለ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ የተሻለ ነገር አመጣሁ ብሎ ተናግሯል፤ ማስረጃ አምጣ ሊባል ይችላል። ለውጥ ያለ ሰው ይህ ዕዳ የለበትም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ የሚጠቅመው ማስረጃ መጠየቅ የማይወደውን ሰው ነው።

«ጥገና» ሌላ ነው። ወጌሻ አጥንት ሲጠግን የሚፈልገው እጁ እንደ ቀድሞው እንዲሆን ነው። በዘጌ ወይም በደሴቶቹ ቤተ ክርስቲያናት የተጎዳ የግድግዳ ሥዕል የሚጠግን ባለሙያ አዲስ ፊት ቢጨምርበት ሥራውን አበላሸ ይባላል። ጥገና ወደ ነበረበት መመለስ ነው። የእነዚያው ቤተ ክርስቲያናት የሣር ክዳን በየቦታው በቆርቆሮ ተተክቷል። ይህን ጥገና ማለት ይከብዳል፤ ቆርቆሮ ድሮ አልነበረም። አብዮት ማለትም አይቻልም፤ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱ፣ መቅደሱ እያንዳንዳቸው በክቡ ውስጥ በየቦታቸው አሉ። ሥርዓቱ እንዳለ ነው፣ ክዳኑ ተለውጧል። በቆርቆሮው ያዘኑ አሉ፤ እኔም የሣሩ ግርማ ይናፍቀኛል። ግን በየጥቂት ዓመቱ ክዳን ከማልበስ ተገላገልን፣ የሥዕሉም ውሃ ቆመ የሚል ሰው መልስ አለው። ሪፎርም ማለት ይኸው ነው፦ ምን ሳይነካ እንደ ቆየ፣ ምን እንደ ተለወጠ በግልጽ የሚታይበት፣ ተሻለ ወይስ ተባሰ ተብሎ የሚከራከሩበት ሥራ።

«ተሃድሶ» ደግሞ ከሁሉም የከበደ ጭነት ተሸክሟል። ሥሩ ግእዝ ነው፤ ሐደሰ፣ አዲስ ሆነ። ዳዊት የደገመ ሁሉ «ወመንፈሰ ርቱዐ ሐድስ ውስተ ከርሥየ» የሚለውን በቃሉ ያውቀዋል። የቀናውን መንፈስ በውስጤ አድስልኝ የሚል ልመና ነው፤ ከዚህ የሚያምር ቃል የለም። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ግን ዛሬ አንድን ሰው «ተሃድሶ» ማለት ከባድ ክስ ነው። ኢሕአዴግ በ1993 ከመከፋፈሉ በኋላ «ተሃድሶ»፣ በ2009 ደግሞ «ጥልቅ ተሃድሶ» አለ። በዚያው በ2009፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የተያዙ ወጣቶች የሚሰጣቸው ሥልጠና «የተሃድሶ ሥልጠና» ተባለ። በ2015 የተቋቋመውና የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ሥራ የተሰጠው ተቋም ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ይባላል። ከሱስ ለማገገም የሚገባበትም የተሃድሶ ማዕከል ነው። ጸሐፊው «ተሃድሶና ሪፎርም አንድ ነው» ሲሉ ከእነዚህ የትኛውን ማለታቸው ነው? የዳዊቱን ልመና ነው ወይስ የካምፑን ሥልጠና? «የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ» የሚለውን «የተሃደሰው የቤተሰብ ሕግ» ብለው ይተኩትና ጮክ ብለው ያንብቡት። ዓረፍተ ነገሩ ይወድቃል።

አንድ ነገር ግን እሰጣቸዋለሁ። «ማሻሻያ» በሕግ አማርኛ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 104 እና 105 ስለ ማሻሻል ይናገራል፤ እዚያ ቃሉ የሚለው አንቀጽ መቀየርን ብቻ ነው፣ ተሻለም አልተሻለም። በሌላ ቦታ ያው ቃል ሰፊውን ሪፎርም ይተካል። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ብዙዎቻችን «ሪፎርም» የሚለውን የተውሶ ቃል የምንይዘውም ሁለቱን ለመለየት ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ ጸሐፊው የመረጡት ማስረጃ ከእርሳቸው ይልቅ ለእኔ ይመሰክራል። 1966ን እንይ። ትልቁ ጥያቄ መሬት ነበር። በ1958 የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግም ተዘጋጅቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓርላማ ቀረበ፤ ባለመሬት የሞላበት ፓርላማ ግን አላሳለፈውም። በ1966 አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ደግሞ አዲስ ሕገ መንግሥት ተረቅቆ ነበር፤ እርሱም ወረቀት ላይ ቀረ። እንግዲህ ጸሐፊው «ሪፎርም ተሞክሮ ከሸፈ» ይላሉ። የትኛው ሪፎርም? በመሬቱ ጉዳይ የከሸፈው አለመደረጉ ነው። መድኃኒቱን ሳይወስድ የሞተን ሰው መድኃኒቱ ገደለው አይባልም። የዘመኑ ተማሪዎች «ጥገናዊ ለውጥ» የሚለውን ስድብ ያደረጉት በምክንያት ነበር፤ የተገባላቸው ቃል ሲውል ሲያድር አይተዋልና። ያ ስድብ ግን ሃምሳ ዓመት አልፎትም አፋችን ላይ ቀርቷል፤ ዛሬም ቀስ ብሎ የሚሠራን ሁሉ እንድንንቅ ያደርገናል።

«ሪፎርም ሁልጊዜ የገዥ ዕድሜ ያራዝማል» ለሚለው ደግሞ ሩቅ አንሂድ። በ1960 ወጥቶ የነበረው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በጊዜው አነጋገር ሪፎርም ነበር። ግብሩ በመሬቱ ስፋት መሆኑ ቀርቶ በገቢ እንዲሆን፣ ብዙ የሚያገኝ ብዙ እንዲከፍል የሚል ነው። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ጎጃሜው ግን መሬት ሊለካ መሆኑን ሲሰማ ርስቴ ሊወሰድ ነው አለ፤ ዳሞት፣ ሞጣና ቢቸና ተነሡ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ይህ ሪፎርም የመንግሥትን ዕድሜ አላራዘመም፤ ጎጃምን ሊያሳጣው ነበር። ከዚህ የምማረው ሪፎርም ማታለያ ነው የሚለውን አይደለም። ያልተጠየቀ ሕዝብ ላይ የወረደ ነገር፣ ሐሳቡ ደህና ቢሆን እንኳ፣ የሚነካው ሰው «ምኔን ልታስቀሩልኝ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ከሌለው ይነሣበታል።

የ1967ቱስ? የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ሥር ነቀል መሆኑን ማንም አይክድም። የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በደቡብ የጭሰኛውን ቀንበር ሰበረ። ይህን ታላቅነቱን እቀበላለሁ። ግን ጸሐፊው የጣና ዳር ሰው ሆነው እንዴት ይህን እንደ ዘለሉት ይገርመኛል፦ በጎጃምና በጎንደር አብዛኛው ገበሬ ጭሰኛ አልነበረም፤ ርስተኛ ነበር። «መሬት ለአራሹ» ሲባል አርሲ ያለው ሰው የሰማውና ዳሞት ያለው ሰው የሰማው አንድ አልነበረም። ያኛው ያልነበረውን አገኘ፤ ይሄኛው በአባት በእናቱ ቆጥሮ የሚጠይቀው ርስት የመንግሥት ሆነበት። ሥር ሲነቀል የማን ሥር እንደ ተነቀለ መጠየቅ አለበት።

ከዚያ ደግሞ 1989 አለ። የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 16/1989 ወጥቶ መሬት እንደገና ተደለደለ። ብዙ መሬት አልባ ወጣቶችና ሴቶች መሬት አገኙ፤ ይህ እውነት ነው። «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚል ስም የወጣላቸው ደግሞ በአራት ጥማድ እንዲወሰኑ ተደረገ። ቢሮክራት የተባሉት ብዙዎቹ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ወይም ጸሐፊ የነበሩ፣ እንደ ጎረቤታቸው በበሬ የሚያርሱ ሰዎች ነበሩ። ይህ ሁሉ የተጠራበትን ቃል ልብ በሉልኝ፦ «ሽግሽግ»። ሽግሽግ እኮ ሰው ሲመጣ መደብ ላይ ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ መልቀቅ ነው። በጣም ለስላሳው ቃል ለከባዱ ነገር ተሰጠ። ጸሐፊው ቃሉን ብንጥል ተንኮሉ ይጠፋል ይላሉ፤ እነሆ «ሪፎርም» የሚል አንድ ፊደል ሳይነሣ ተሠርቷል።

ከዚህ ጋር የሚወዳደር ሌላ ሥራ ላሳይ። በክልላችን ከ1995 ጀምሮ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ አልተነካም፤ ባለቤትነት አልተቀየረም፤ ማንም በሰልፍ አልወጣለትም። ደብተሩ ላይ ግን የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ሆነ። ከጋብቻ ስትወጣ ባዶ እጇን ትሸኝ የነበረች ሴት የምታሳየው ወረቀት አገኘች። በዚያው በ1995 የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ወጣ። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወጥቶ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር፤ ባልም የቤተሰቡ አለቃ ነበር። የተሻሻለው ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ አለቃነቱንም አስቀረ። ጋብቻ እንዳለ ነው፤ ሽማግሌውም ሰርጉም አለ። የተለወጠው የታወቀ ነው፤ የተሻለው ለማን እንደሆነም የታወቀ ነው። ያለዕድሜ ጋብቻ በተስፋፋበት በምዕራብ ጎጃም ሕጉ ብቻውን ሁሉን አልፈታም፤ ዛሬም ልጅ ይዳራል። ግን ትምህርት ቤት ያለች የ14 ዓመት ልጅ ለመምህሯ «ሊድሩኝ ነው» ስትል፣ መምህሯ ይዛ የምትሄደው ሕግ አላት። ጸሐፊው ለሕዝብ የጠቀመ ሪፎርም አንድ አሳዩኝ ብለዋል፤ እነሆ ሁለት።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ሁለተኛ ነገር አለ። የማይሻሻሉ ነገሮች አሉ። «የባርነት ማሻሻያ» የሚል ሰው ቢኖር አንሰማውም፤ ባርነት የሚቀር እንጂ የሚሻሻል አይደለም። ነገር ግን እርሱ እንኳ በአንድ ጀምበር አልቀረም፤ የ1916ቱ አዋጅ ደረጃ በደረጃ ነፃ እንዲወጡ በር ከፈተ፣ የ1934ቱ ፈጽሞ ከለከለ። ግቡ ሥር ነቀል ሆኖ መንገዱ የእርከን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ማሳያ የለኝም። የመንገዱ ዘገምተኛነት የስንት ሰው ዕድሜ እንደ በላ ግን አልረሳም፤ «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል ለሚጠብቀው ሰው እንዴት እንደሚመር ጸሐፊው የጻፉት ልክ ነው።

እምቦጩ ላይ ደርሰናል። ሦስቱም ወዳጆቼ በጣም የወደዱት ይህን ምሳሌ ነው፤ ለጣና ልጅ ልብ ይነካል። ግን ምሳሌው ከአረሙ ጠባይ ጋር አይሄድም። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 ነው። በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከም፣ በፎገራ ዳርቻ የተዘረጋውን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ተንሳፋፊ ነው። ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ነው የሚታየው፤ የሐይቁን ወለል ጨብጦ አይደለም። ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ ሲነቅል ከነሥሩ ነው የሚያወጣው። እኔም በአንድ ዘመቻ ፎገራ በኩል ወርጄ ነቅያለሁ፤ ሥሩ እንደ ጥቁር ጺም ሆኖ ተያይዞ ይወጣል፣ አይበጠስም። ዳርቻው ላይ ከመርነው። ወንድ ሴት፣ ገበሬው ተማሪው፣ ሁሉም ከነሥሩ ነቀለ። በቀጣዩ ክረምት ተመልሶ መጣ።

ለምን? አንደኛ፣ ዘሩ ደለል ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ሁለተኛ፣ የቀረ አንድ ቡቃያ ካለ፣ በጎኑ ልጅ እያበቀለ በሳምንታት ይባዛል። ሦስተኛውና ዋናው፣ የሚቀለበው ከላይ በሚመጣ አፈር ነው። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ከተራቆተ ተራራ፣ ከታረሰ ተዳፋት፣ ማዳበሪያ ከተበተነበት ማሳ አፈሩን ይዘው ወደ ጣና ይገባሉ፤ የከተሞቻችንም ፍሳሽ ይጨመርበታል። አረሙ በሥሩ የሚጠጣው ይህን ነው። ስለዚህ «ከሥሩ ይነቀል» የሚለው መፍትሔ፣ ጸሐፊው ሥር ነቀል የሚሉት፣ እምቦጭ ላይ ሲደረግ የከረመና ብቻውን ያልበቃ ነው። መንቀሉ አስፈላጊ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን የሚያሳልፍበት ውሃ ያስፈልገዋል። ችግሩን የሚያደርቀው ግን ሐይቁ አጠገብ የማይታይ ሥራ ነው፤ ላይ ተራራው ላይ እርከን መሥራት፣ ተዳፋቱን ሣርና ዛፍ ማልበስ፣ የወንዝ ዳር ከእርሻ መጠበቅ፣ የከተማ ፍሳሽ ሳይጣራ እንዳይገባ ማድረግ። ይህ ሁሉ አታካች ነው፤ ዓመታት ይፈጃል፤ በአንድ ቀን ዘመቻ ፎቶ አይነሣም። እኔ ሪፎርም የምለው ይህን ነው። የጸሐፊው ምሳሌ ራሱ ወዴት እንደሚመራ እስከ መጨረሻው ቢከተሉት ኖሮ ከእኔ ጋር በሆኑ ነበር።

የቀረው ቃሉ ይውጣ የሚለው ነው። ጸሐፊው በጽሑፋቸው የመብራት «የታሪፍ ማሻሻያ» ሲባል ሁልጊዜ ጭማሪ መሆኑን ጠቅሰው፣ ቃላችን እንዲህ ሆኖ ቀርቷል ይላሉ። ልክ ናቸው፤ በ2017 መጀመሪያ የተጀመረው በየሦስት ወሩ የሚጨምረው ታሪፍም ማሻሻያ ነው የተባለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም የኢኮኖሚ ማሻሻያ ተባለ፤ ለውጭ ገበያ ቡና የሚያቀርበው ሰውና ዘይት ገዝቶ የሚያድረው ሰው ስለ መሻሻሉ አንድ መልስ አይሰጡም። ግን ቃሉ ስለተበደለ የምናባርረው ለምንድን ነው? ብናወጣው ጭማሪው አይቀርም፤ የሚቀረው «ተሻለ ብላችሁን ነበር» ብለን የምንይዝበት እጀታ ነው።

ይህን የምለው ያየሁትን ይዤ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ስለ አንድ አገልግሎት ክፍያ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። አጀንዳው «የክፍያ ማሻሻያ» ይላል። ሰብሳቢው ወጣት ሰው ነው፤ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «የኔ ልጅ፣ ተሻሻለ ካላችሁ የተሻለውን ንገረኛ» አሉት። ወደ ወረቀቱ ተመለሰ፤ ገለጠ፤ አላገኘም። «እማማ፣ እውነቱን ለመናገር ጭማሪ ነው» አላቸው፣ እስክሪብቶ አውጥቶም ርዕሱን ሰረዘና «ጭማሪ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ነበር ስብሰባው የተጀመረው። ለምን ተጨመረ፣ የትኛው ወጪ ከፍ አለ፣ ከእኛ ወገን ማን ሂሳቡን ያያል የሚለው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ጭማሪው አልቀረም። ሁለት የሰፈሩ ሰዎች ግን ሂሳቡን በየሦስት ወሩ እንዲያዩ ተስማምተን፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሮ ተፈራረምን። ያረምኩት እኔ ነበርኩ፤ «ማሻሻያ» የሚለውን ቃል ሳልሰርዝ የተውኩት ሂሳቡን ስለማየት የተስማማንበት ነጥብ ላይ ብቻ ነው።